መኪናችን ለምን ፈላ?

ከአጥቢያዎች በደረሱን መልእክቶች ውስጥ ደጋግሞ የቀረበ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ «ለምንጭ ማጎልበት ብለን ያዋጣነው ገንዘብ ከፊሉ ለመኪና ጥገና የዋለው ስለ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሰጠ ሰው የሰጠው የት እንደ ደረሰ ማወቅ ይገባዋል። በመሆኑም የሆነውን ሁሉ ሳንሸሽግ እንገልጻለን። እግረ መንገዳችንንም በየፕሮጀክቱ አሮጌ መኪና ይዘው የሚሠሩ ባልደረቦቻችን ከእኛ ስሕተት እንዲጠቀሙ፣ ሞተር ለምን እንደሚፈላና ምክንያቱ እንዴት እንደሚገኝ እናስረዳለን። በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ስለ ራዲያተር የተማርነው ነገር የለም። የምናውቀውን ያወቅነው ከፍለንበት ነው።

መኪናችን ቶዮታ ላንድክሩዘር ነው። ሞተሩ ጋራዦች «ዋን ኤች ዜድ» የሚሉት፣ ስድስት ሲሊንደርና 4.2 ሊትር ስፋት ያለው፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ነው። ይህ ሞተር መሠራት የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 ሲሆን፣ በአገራችን ገጠር ብዙ የልማትና የጤና ሠራተኞች የሚጓዙበት እርሱን በያዘ መኪና ነው። ብርቱ ሞተር ነው። ነገር ግን ብርቱነቱ ራሱ ያዘናጋል፤ ታሞም ቢሆን ስለሚሄድ፣ እስኪወድቅ ድረስ የታመመ አይመስልም።

በየካቲት 2015 ዓ.ም. አሥራ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ከውስጥ፣ የብረት ቧንቧ ከላይ ጭነን ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ተነሣን። መንገዱን የማያውቁ እንዲረዱት፣ አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1300 ሜትር፣ ጨንቻ ደግሞ ወደ 2700 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ርቀት 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። መኪናው በዚህች አጭር መንገድ ከ1300 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው። ወሩ የበጋው ሙቀት የበረታበት ነበረ። የቸኮልነውም በምክንያት ነው፤ የበልግ ዝናብ ሳይጀምር የምንጩ ግንብ ማለቅ ነበረበት።

መኪናው ከዚያ በፊት ሁለት ወር ያህል ሽቅብ ላይ ሲግል ቆይቶ ነበር። እኛም ዝም አላልንም። መጀመሪያ ራዲያተሩን አስወልቀን አሳጠብን። ቀጥሎ አንድ ወዳጅ፣ «ለቆላ ቴርሞስታት አያስፈልግም፤ አውጥታችሁ ጣሉት» ብሎ መከረን፤ አስወጥተን ጣልነው። ከዚያም አዲስ የውሃ ፓምፕ ገዝተን አስገጠምን። ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ መኪናውን ከከተማ አውጥተን በሜዳው መንገድ እናስሮጠው ነበር። ጌጁ ግማሽ ላይ ረግቶ ሲቆም፣ «አሁን ድኗል» ብለን እንመለሳለን። ሽቅብ ሲወጣ ግን እንደገና ይፈላል።

በዚያም ቀን ከዶርዜ በታች ባለው ጠመዝማዛ ላይ ቀስቱ ወደ ቀዩ ተጠጋ። ቆመን አበረድነው፤ ውሃ ጨመርንና ቀጠልን። ዶርዜን አልፈን ትንሽ እንደ ሄድን ቀስቱ እንደገና ቀዩን ነካ። ልንቆም ቦታ ስንፈልግ ሳለን በድንገት ወደ ታች ወረደ። ረዳቱ፣ «ጋሼ፣ ወረደ እኮ!» አለ። ሾፌራችንም፣ «ተመስገን፤ ነፋስ አገኘ» አሉ። እኛም ከኋላ ሆነን እፎይ አልን። በዚሁ ደስታ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዝን። ከዚያ ሞተሩ ጉልበት አጣ፤ ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ተግተለተለ፤ መኪናው ቆመ። ቀስቱ ያን ጊዜም ከታች ነበር።

ይህን ነገር ከሁሉ አስቀድመን የምንናገረው ከሁሉ የከፋው ስሕተታችን እርሱ ስለ ሆነ ነው። የሙቀት ጌጁ የብረቱን ሙቀት አይለካም። የሚለካው በመለኪያዋ ዙሪያ ያለውን ውሃ ነው። ውሃው ሲያልቅ መለኪያዋ ባዶ ቦታ ላይ ትቀራለች፤ ጌጁም «ቀዝቅዟል» ይላል። ስለዚህ ሲግል የቆየ ሞተር ምንም ሳይደረግለት ቀስቱ በድንገት ቢወርድ፣ ያ ምልክት የእፎይታ ሳይሆን ወዲያው አጥፉ የሚል ትእዛዝ ነው። እኛ ግን በደረቅ ሞተር አራት ኪሎ ሜትር ነዳን።

መኪናው ተጎትቶ ወርዶ ሲፈታ፣ በሞተሩ ሲሊንደሮች ላይ የሚከደነው ቴስታታ በሙቀት ጠምሞ፣ ከሥሩ ያለው ጓርኒሲዮንም ተቃጥሎ ተገኘ። ቴስታታው በቶርኖ ቤት ፊቱ እንዲስተካከል ተላከ፤ ጓርኒሲዮኑም እስኪመጣ ተጠበቀ። መኪናው አሥር ሳምንት ጋራዥ ተቀመጠ። የወጣው ገንዘብ ለአንድ ምንጭ ግንብና ማጠራቀሚያ ከታሰበው ጋር የሚቀራረብ ነበር። በእነዚያ ሳምንታት በልጉ ገባ። የዚያ ቀበሌ እናቶችና ልጃገረዶችም ከብት ከሚጠጣበት ካልተከለለው ምንጭ ሌላ አንድ ወቅት ሙሉ ሲቀዱ ከረሙ። ጥያቄያችሁ ሲደርሰን ቶሎ ለመመለስ ያፈርነውም ስለዚህ ነው።

መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ

ሞተሩን የፈቱት መካኒክ ሽማግሌ ናቸው። የለወጥናቸውን ዕቃዎች አንድ በአንድ ስንዘረዝርላቸው እስከ መጨረሻው ሰሙንና፣ «ልጆቼ፣ የገዛችሁትን ነገራችሁኝ። እኔ የምጠይቃችሁ ግን መቼ ነው የሚፈላው? ሲሮጥ ነው ወይስ ሲያዘግም?» አሉን። በሁለት ወር ውስጥ ይህን የጠየቀን ሰው አልነበረም። እኛም ራሳችንን አልጠየቅንም።

የሞተር መፍላት እንደ ሰው ትኩሳት ነው። ትኩሳት ያለበት ሁሉ ወባ እንደሌለበት፣ የፈላ ሞተርም ሁሉ የራዲያተር ሕመምተኛ አይደለም። ሐኪም ትኩሳቱ የሚነሣበትን ሰዓት እንደሚጠይቅ፣ ሞተርም የሚግልበት ጊዜ ሕመሙን ይነግራል።

በናፍጣው ውስጥ ካለው ጉልበት በጥቅሉ አንድ ሦስተኛው መኪናውን ለመንዳት ይውላል። ሌላው ሦስተኛ ያህል በጭስ መውጫው በኩል ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። የቀረው አብዛኛው ውሃው ተሸክሞ ወደ ራዲያተሩ የሚያወጣው ሙቀት ነው። እንግዲህ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ ውሃው መኖር አለበት፣ ውሃው መዞር አለበት፣ በራዲያተሩ መካከልም ነፋስ ማለፍ አለበት። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሞተሩ ይፈላል፤ የትኛው እንደ ጎደለ ግን አፈላሉ ይለያያል።

መኪናው በሜዳ ሲሮጥ ደኅና ሆኖ፣ በሁለተኛ ማርሽ ሽቅብ ሲያዘግም ወይም በከተማ ቆሞ ሲጠብቅ የሚግል ከሆነ የጎደለው ነፋስ ነው። በሰዓት 60 ወይም 70 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ነፋሱ በራሱ ይገባል፤ ሲያዘግም ግን ነፋስ የሚያመጣለት ማራገቢያው ብቻ ነው። በተቃራኒው ቀስ ሲል ደኅና ሆኖ በሜዳ ሲሮጥ የሚግል መኪና ነፋስ አላጣም። ብዙውን ጊዜ የራዲያተሩ ቱቦዎች በውስጥ ተደፍነው ወይም የታችኛው የጎማ ቱቦ በመሳብ ኃይል እየተጣበቀ ውሃው በበቂ መጠን አይዞርም። ጠዋት ተነሥቶ ገና ሩቅ ሳይሄድ የሚግልና ፍሳሽ ሳይታይ ውሃ የሚጎድልበት ከሆነ ደግሞ ወደ ጓርኒሲዮኑ መመልከት ይገባል። የእኛ መኪና የመጀመሪያው ዓይነት ነበር። ታዲያ የነፋስ ጉድለት ያለበትን መኪና ነፋስ በሞላበት ሜዳ ላይ ስንፈትን፣ ድኗል ማለታችን ምን ያስደንቃል?

የማራገቢያው ነገር

ሽማግሌው ቁልፉን ከመኪናው አስወጥተው፣ የቀዘቀዘውን ማራገቢያ በጣታቸው ገፋ አደረጉት። አምስት ጊዜ ዞሮ ቆመ። «ይኸው ሌባው» አሉ።

በእነዚህ መኪናዎች ላይ ማራገቢያው ከፓምፑ ዘንግ ጋር በቀጥታ አልታሰረም። በመካከላቸው ሳሕን የሚመስል ክብ የአሉሚኒየም ዕቃ አለ፤ የፋን ክላች ይባላል። በውስጡ ወፍራም የሲሊኮን ዘይት አለ። በፊቱም ላይ እንደ ሰዓት ሞላ የተጠቀለለ ስስ ብረት ይታያል። ከራዲያተሩ የሚመጣው አየር ሲግል ያ ሞላ ይንቀሳቀስና ለዘይቱ መግቢያ ይከፍታል፤ ዘይቱም ዘንጉንና ማራገቢያውን ያያይዛቸዋል። ያን ጊዜ ማራገቢያው በኃይል ይዞራል፤ ድምፁም እንደ ዐውሎ ነፋስ ይሰማል። አየሩ ሲቀዘቅዝ መግቢያው ይዘጋና ማራገቢያው ይለግማል። ይህ የተደረገው ናፍጣ እንዲቆጥብና ሞተሩ በማለዳ ቶሎ እንዲሞቅ ነው።

ዘመን ሲቆይ ዘይቱ በጥቂቱ እያፈሰሰ ያልቃል። ክላቹ ፊት ላይ አቧራ የያዘ ቅባት ከታየ ምልክቱ ያ ነው። ዘይቱ ያለቀበት ማራገቢያ ይዞራል፤ የሚያየው ሰውም «እየሠራ ነው» ይላል፤ ነገር ግን ነፋስ የሚስብበት ጉልበት የለውም። ደኅና ክላች ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሳለ በእጅ ሲገፋ እየተጎተተ አንድ ዙር ያህል ሄዶ ይቆማል። ሞተሩ ግሎ ወዲያው ሲጠፋ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ይከብዳል። እንደ ልጆች የወረቀት ማራገቢያ የሚሽከረከር ከሆነ ሞቷል። ይህን የሚፈትን ሰው ሞተሩ መጥፋቱንና ቁልፉ በኪሱ መሆኑን አስቀድሞ ያረጋግጥ።

ሾፌራችን ይህን ሲሰሙ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እውነትም መኪናው ጸጥ ካለ ቆይቷል። ድሮ ሽቅብ ላይ ይጮህ ነበር። እኔ ጸጥታውን ጤና መስሎኝ» አሉ። ከዚህ በኋላ በየጉዟችን ያን ጩኸት እየጠበቅን እንሰማለን።

በቶዮታ ክላች ውስጥ የሲሊኮን ዘይት መልሶ መሙላት ይቻላል፤ ብዙ ጋራዦችም ያደርጉታል። ዘይቱ ግን ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀው መሆን አለበት፤ የሞተር ዘይት አያገለግልም። አንዳንዶች ማራገቢያውን ከክላቹ ጋር በቡሎን ያስሩታል። በጭንቅ ቀን ቤት ለመግባት ይረዳ ይሆናል። ሁልጊዜ እንደዚያ መንዳት ግን ናፍጣ ያባክናል፤ ወንዝ ሲሻገሩም ማራገቢያው ውሃ ሲመታ ተጣምሞ ራዲያተሩን ሊቀድ ይችላል።

ማራገቢያው ደኅና ሆኖም ነፋሱ የሚያልፍበት ቦታ ሊዘጋ ይችላል። ጭቃ፣ የሣር ፍሬና ገለባ በራዲያተሩ ቅጠሎች መካከል ይጠቀጠቃል። አየር ማቀዝቀዣ ባለው መኪና ላይ ደግሞ ቆሻሻው በሁለቱ ራዲያተሮች መካከል ገብቶ ከፊት ሲመለከቱት አይታይም። ሲታጠብ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ ኃይሉ ባልበረታ ውሃ መሆን አለበት። በብርቱ ግፊት ከታጠበ ቅጠሎቹ ይተኛሉና መታጠቡ ከቆሻሻው የባሰ ይሆናል።

ስለ ክዳኑ

ማራገቢያው ዋናው ምክንያት ቢሆንም ብቻውን ይህን ያህል ጉዳት አያደርስም ነበር። ሽማግሌው የራዲያተሩን ክዳን ገልብጠው አሳዩን፤ ላስቲኩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከጥቂት ወራት በፊት የቀደመው ሲጠፋ ከገበያ የገዛነው ነበር። አፉ ገጥሟል፤ ከዚያ በላይ አልመረመርንም።

ብዙ ሰው የራዲያተር ክዳን ውሃው እንዳይፈስስ የተሠራ መክደኛ ይመስለዋል። ሥራው ግን ግፊት መያዝ ነው። በላዩ ላይ 0.9 ተብሎ የተጻፈበት ክዳን፣ ውስጡ ያለው ግፊት ከውጪው አየር በ0.9 ባር እስኪበልጥ ድረስ ውሃውን ይይዛል። ውሃ ግፊት ሲበዛበት በቀላሉ አይፈላም።

ይህ በደጋ ላሉ ሰዎች እጅግ ያስፈልጋል። ውሃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ወደ ላይ 300 ሜትር በወጣን ቁጥር መፍያው በአንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ አርባ ምንጭ ላይ በ96 ዲግሪ ገደማ፣ ጨንቻ ላይ ደግሞ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በደጋ ባቄላ ለመብሰል የሚዘገየው በዚሁ ምክንያት ነው። ደኅና ክዳን ያለው መኪና ጨንቻ ላይም ቢሆን ውሃው እስከ 110 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሳይፈላ ይቆይለታል። ክዳኑ የሞተበት ግን በ91 ይፈላል። የናፍጣ ሞተር ጤነኛ ሆኖ በሚሠራበት ጊዜ የውሃው ሙቀት ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሊደርስ መቻሉን ስናስብ፣ ክዳኑ የሞተበት መኪና ጨንቻ አፋፍ ላይ ሳይታመምም ሊፈላ ይችላል ማለት ነው። የፈላው ውሃ በትርፍ ቱቦው በኩል ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ እኛ እንደ ደረሰብን ነው።

ክዳን ከሁሉም መለዋወጫ የሚረክስ ዕቃ ነው። ላስቲኩን ተመልከቱ፤ ሞላው ጠንካራ መሆኑን በአውራ ጣት ጫን ብላችሁ እዩ። የተጻፈበት ቁጥር የመኪናው መምሪያ መጽሐፍ ከሚለው ጋር ይስማማ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የላይኛው የጎማ ቱቦ ወደ ውስጥ ተጣብቆ ከተገኘ ደግሞ የክዳኑ መመለሻ በር ተይዟል።

ጥለነው ስለ ነበረው ቴርሞስታት

«ለቆላ አያስፈልግም» የሚለው ምክር በየሾፌሩ አፍ ስላለ ጥቂት እንቆይበት። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ የሚዘጋ፣ ሲሞቅ የሚከፍት በር ነው። በእነዚህ የናፍጣ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ ከ76 እስከ 82 ዲግሪ ሲደርስ መከፈት ይጀምራል። በሩ ተጣብቆ አልከፈትም ሲል ሞተሩ ስለሚፈላ፣ ሰዎች አውጥተው ሲጥሉት መድኃኒት ያገኙ ይመስላቸዋል።

ነገር ግን በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ከሥሩ ሁለተኛ ክዳን አለው። የላይኛው በር ሲከፈት ይህ የታችኛው፣ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ በአቋራጭ የሚመለስበትን መንገድ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ሲወጣ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል፤ ከውሃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይዞራል። በማለዳ ሞተሩ አልሞቅ ይላል፤ ሽቅብ ላይ ደግሞ ከቀድሞው ይልቅ ይግላል። እኛም በራሳችን እጅ ሁለተኛ ሕመም ጨመርንበት።

የተጠረጠረ ቴርሞስታት በቤት ውስጥ ይፈተናል። በክር አንጠልጥሎ ድስት ውስጥ ባለ ውሃ ማጥለቅ፣ ቴርሞሜትርም አብሮ ማስገባት፣ ከዚያም ማሞቅ ነው። በላዩ ላይ በተጻፈው ዲግሪ አካባቢ መከፈት ሲጀምርና ውሃው ሲበርድ ሲዘጋ ከታየ ደኅና ነው። ደጋ ላይ የምትሠሩ ግን ውሃችሁ ራሱ ከ91 ዲግሪ በላይ እንደማይሄድ አስቡ፤ በሩ እስከ መጨረሻው አልተከፈተም ብላችሁ ደኅናውን እንዳትጥሉት። ሲመለስ ትንሿ የአየር ማውጫ ቀዳዳ ወደ ላይ ትሁን።

ምን ዓይነት ውሃ?

በየመንገዱ ከወንዝና ከሐይቅ እየቀዱ መሙላት ልማድ ሆኗል። የአባያና የጫሞ ውሃ ጨዋማነት አለው፤ የወንዙም ጭቃ ይዞ ይመጣል። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር በራዲያተሩ ቱቦዎችና በሞተሩ የውሃ መንገዶችም ይጋገራል። ለነፍስ አድን ካልሆነ በቀር ይህን ውሃ አትጨምሩ። ከሁሉ የሚሻለውና ያለ ዋጋ የሚገኘው ከታጠበ ቆርቆሮ ጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነው። አንድ ጀሪካን ሁልጊዜ በመኪናው ውስጥ ይኑር።

ከውሃው ጋር እኩል ለእኩል የሚቀላቀለው ኩላንት «ለበረዶ አገር ነው» ሲባል እንሰማለን። ስሙ እንጂ ሥራው በረዶ መከላከል ብቻ አይደለም። ብረቱ እንዳይዝግ ይከላከላል፤ የመፍያውንም ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። ራዲያተሩ በውስጥ መደፈኑን ለማወቅ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አጥፍቶ የራዲያተሩን ፊት በእጅ መዳሰስ ነው፤ በሞቀው መካከል ቀዝቃዛ ቦታ ከተገኘ በዚያ በኩል ውሃ አያልፍም።

ጓርኒሲዮኑን መጠርጠር

ቴስታታ ከመፈታቱ በፊት ያለ ወጪ የሚታዩ ምልክቶች አሉ። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ ክዳኑን ከፍታችሁ ራዲያተሩን እስከ አፉ ሙሉ፤ ከዚያ አስነሡት። መጀመሪያ ጥቂት አየር መውጣቱ አያስደነግጥም። ነገር ግን ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ አረፋው ሳያቋርጥ እየተንቆረቆረ ቢወጣ፣ ከሲሊንደር ወደ ውሃው ጭስ እየገባ ነው። የጎማ ቱቦዎቹ በተነሣ በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ድንጋይ ቢጠነክሩ፣ የሞተር ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ቢመስል፣ ሞተሩ ሞቆ ሳለ ከማርሚታው ነጭ እንፋሎት ባያቋርጥ፣ ነገሩ ያው ነው። ያን ጊዜ ወደ ሩቅ ሥራ መውጣት አይገባም። ቴስታታው ሲፈታም ፊቱ ቀጥ ባለ ብረት ሳይለካ ጓርኒሲዮን ብቻ ተለውጦ እንዳይከደን አደራ እንላለን፤ የጠመመ ቴስታታ አዲሱንም ያቃጥላል። ቡሎኖቹም ከመካከል ጀምሮ ወደ ዳር፣ በደረጃ፣ በመለኪያ ቁልፍ ይጠበቃሉ።

የላላ ቺንጋ፣ የሚያንጠባጥብ ፓምፕ፣ የተያዘ ፍሬን፣ ከልክ ያለፈ ጭነት፣ እነዚህም ያፈላሉ። ዐይን ያለው ሾፌር በማለዳ ዞር ብሎ ሲመለከት ያገኛቸዋል።

ሽቅብ ላይ ሳላችሁ ቀስቱ ቢነሣ

አየር ማቀዝቀዣ ካለ አጥፉ። የተሳፋሪውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱ፤ ተሳፋሪ ያማርራል፣ ነገር ግን እርሱም ትንሽ ራዲያተር ነውና ሙቀት ያወጣል። ማርሹን ዝቅ አድርጋችሁ ነዳጁን ሳትረግጡ ሂዱ። ሞተሩ ጉልበቱ ሳይጨነቅ ሲዞር ፓምፑና ማራገቢያውም አብረው ይዞራሉ። ካልበረደ ፊቱን ወደ ነፋስ አዙራችሁ ቁሙ። የእጅ ፍሬን ሳቡ፤ ጎማውን በድንጋይ አስደግፉ። እንፋሎት ካልወጣና ውሃው ካለ ወዲያው አታጥፉት፤ ከተራው አዟዟር ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ ይዙር። እንፋሎት ከታየ ወይም ቀስቱ በድንገት ከወደቀ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ አጥፉ።

ክዳኑን ለመክፈት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠበቅ፤ በደንብ የጋለ ከሆነ ከዚያም በላይ። በግፊት ተይዞ የነበረ ውሃ ክዳኑ ሲነሣ በአንድ ጊዜ ይፈላና ፊትን ይልጣል። በወፍራም ጨርቅ ይዛችሁ፣ ፊታችሁን መልሳችሁ፣ እስከ መጀመሪያው መያዣ ብቻ አላሉት፤ ፉጨቱ ሲያልቅ ክፈቱ። ውሃውም በጋለ ብረት ላይ በአንድ ጊዜ አይደፋም፤ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስስ እንደሚሰነጠቅ ሁሉ ሞተርም ይሰነጠቃል። ሞተሩ በረድ ሲል አስነሥታችሁ፣ እየዞረ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። እኛ በዚያ ቀን ከዶርዜ በታች አሥር ደቂቃ እንኳ አልጠበቅንም ነበር።

በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ያንኑ ያህል ሲሚንቶና የቀሩትን ቧንቧዎች ጭነን እንደገና ወጣን። ከዶርዜ በታች ካለው ጠመዝማዛ ስንደርስ ማራገቢያው መጮህ ጀመረ። ረዳቱ ወደ ሾፌራችን ዞሮ ሣቀ፤ እርሳቸው ግን ዐይናቸውን ከጌጁ አላነሡም። ቀስቱ ከግማሽ ጥቂት አለፍ ብሎ ጨንቻ ድረስ በዚያው ቆመ። የምንጩ ግንብ በዚያው ዓመት በጥር ተጠናቀቀ።

ለጥገናው የወጣው ገንዘብ ዝርዝር ከነደረሰኙ ለየአጥቢያው ሽማግሌዎች ተልኳል። የቴርሞስታት መፈተኛ ቴርሞሜትርና የክዳን ግፊት መለኪያ ገዝተናል፤ የሚያስፈልጋቸው ፕሮጀክቶች በሾፌራቸው በኩል ፈርመው ሊዋሱ ይችላሉ። ሲመጡ መኪናው የሚፈላው ሲሮጥ ይሁን ሲያዘግም ጽፈው ይዘው እንዲመጡ እንለምናለን።